የሕዝብ መኖሪያ ቤትና የነዋሪው ኑሮ፤ የአዲስ አበባ ልምድ

መኖሪያ ቤት ከሌሎች የሕንፃ ሥራዎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ድልድይ መሐንዲሱ ባሰበለት መንገድ ያገለግላል፤ መጋዘንም እንደዚሁ። መኖሪያ ቤት ግን የነደፈው ባለሙያ አንድ ነገር ሲያስብ ገብቶ የሚኖርበት ሰው ሌላ ነገር ያደርግበታል። በፕላኑ ላይ መኝታ ክፍል ተብሎ የተሰመረውን ነዋሪው ያከራየዋል፤ ሳሎን የተባለው ቀን የልብስ ስፌት ሥራ ቤት፣ ሌሊት የልጆች መኝታ ይሆናል፤ በረንዳው ከሰል ማንደጃ፣ መተላለፊያው የውኃ በርሜል ማስቀመጫ ይሆናል። ሕንፃውን የሚጐበኝ ባለሙያ ይህን ሲያይ ነዋሪው ቤቱን እንዳበላሸ ይቈጥረው ይሆናል። ነገሩን በቅርብ ለተመለከተ ሰው ግን እንዲህ ያለው ለውጥ ፕላኑና ኑሮው ያልተገናኙበትን ሥፍራ የሚያመለክት ነው።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው ቤቱ በመንግሥት ወጪ ለብዙ ሕዝብ በሚሠራበት ጊዜ ነው። ለራሱ ቤት የሚያሠራ ሰው ከግንበኛው ጋር እየተነጋገረ ፈቃዱን ይፈጽማል። የሕዝብ ቤት ሲነደፍ ግን ነዋሪው ማን እንደሆነ ገና አይታወቅም። ዕጣው የሚወጣለት ሰው የብዙ ልጆች አባት፣ ጡረተኛ፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት፣ ዐይነ ስውር፣ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም እንጀራ ጋግራ በመሸጥ የምትተዳደር ሴት ሊሆን ይችላል። አንድ ዐይነት ፕላን ለእነዚህ ሁሉ እንዴት ይበቃል? አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ወዲህ ለዚህ ጥያቄ በልዩ ልዩ ዘመን ልዩ ልዩ መልስ ተሰጥቶታል። መልሶቹን በየተራ መመርመር ዛሬ ለሚነደፉት ቤቶች የሚጠቅም ትምህርት ይሰጣል።

ሰፈርና ግቢ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ስትቈረቈር አስቀድሞ በተነደፈ ፕላን የተከፋፈለች ከተማ አልነበረችም። በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ ቦታ ተሰጠ፤ እያንዳንዱም በተሰጠው ቦታ ከፍ ያለውን ሥፍራ ይዞ አዳራሹን ሲሠራ ወታደሩ፣ የእጅ ሠራተኛውና አሽከሩ በዙሪያው ሰፈሩ። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ የጦር ሠራዊት ማረፊያን የሚያመለክት መሆኑ የከተማዋን አመሠራረት ያሳያል። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሣ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚህ ቅሪቶች ናቸው። ከዚህም የተነሣ የባለጸጋው ግቢና የድኃው ጎጆ በአንድ ሰፈር ጎን ለጎን የሚገኙባት ከተማ ተፈጠረች። ይህ አሰፋፈር ከእኩልነት የመነጨ አልነበረም፤ ከጌታና ከሎሌ ግንኙነት የመጣ ነበር። ሆኖም ገቢያቸው የተራራቀ ሰዎች በአንድ መንገድ የሚመላለሱበት፣ በአንድ ገበያ የሚገናኙበት ኑሮ ለብዙ ዘመን የከተማዋ መለያ ሆኖ ቈይቷል።

ቤቱ ራሱ የእንጨትና የጭቃ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ከተስፋፋ በኋላ ምሰሶው፣ ማገሩና ወራጁ ከእርሱ ተገኘ፤ ግድግዳው ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ተመረገ፤ ጣሪያውም ከሣር ወደ ቆርቆሮ ተለወጠ። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከግድግዳው ይልቅ የሚጠቅመው የግቢው አደረጃጀት ነው። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ ይሠራል፤ ምክንያቱም የእንጀራ ምጣድ ጢስ መኝታ ቤት ሊገባ አይገባም። በሁለቱ መካከል ያለው ባዶ ሥፍራ በርበሬ የሚሰጣበት፣ ብቅል የሚደርቅበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ሕፃናት የሚጫወቱበት ነው። ለበዓል በግ የሚታረደው፣ ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የሚጣለው በዚያው ነው። በሌላ አነጋገር የአዲስ አበባ ነዋሪ «ቤቴ» ሲል ክፍሉን ብቻ ሳይሆን ደጁንም ይጨምራል፤ ብዙው የኑሮ ሥራ የሚሠራው ከጣሪያው በታች ሳይሆን ከደጅ ነውና።

በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ይህ የተደባለቀ አሰፋፈር እንዲፈርስ ታስቦ ነበር። ስመ ጥሩው አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ ነባሩን ከተማ ከምንም ሳይቈጥር አዲስ አበባን በቀጥተኛ ዐውራ መንገድ የሚከፍል ንድፍ ለሙሶሊኒ አቀረበ፤ ተቀባይነት ያገኘው የጉዊዲና የቫሌ ፕላን ደግሞ የአውሮፓውያኑንና የአገሬውን መኖሪያ በዘር ለያይቶ የሚያስቀምጥ ነበር። ወረራው በማብቃቱ ፕላኑ በሙሉ አልተፈጸመም፤ ቢሆንም የአገሬው ገበያ እንዲሆን የተመደበው ሥፍራ መርካቶ ሆኖ ቀርቷል። ከነፃነት በኋላ እንግሊዛዊው ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1948 ዓ.ም. አካባቢ፣ ፈረንሳዊው ሉዊ ደ ማሪያን ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ለከተማዋ ፕላን አውጥተዋል። እነዚህ ፕላኖች በይበልጥ ያተኰሩት በመንገዶች፣ በአደባባዮችና በከተማዋ አጠቃላይ ገጽታ ላይ ነበር። ከከተማው ሕዝብ ብዙው ክፍል በዚያን ጊዜ ተከራይ ነበር፤ የሚኖርበትንም ቤት የሚያዘጋጅለት የቦታው ባለቤት እንጂ ባለሙያ አልነበረም።

የቀበሌ ቤት

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ መንግሥት በአንድ ቀን የከተማዋ ትልቁ አከራይ ሆነ። አዋጁ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው አደረገ፤ ኪራይንም ቀነሰ፤ ቅናሹም ዝቅተኛ ኪራይ ለሚከፍለው ከፍ ያለ ነበር። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌዎች ሲሰጡ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ተደረጉ።

«የቀበሌ ቤት» የሚባለው የሕዝብ መኖሪያ የመጣው ከዚህ ነው። ባለሙያዎች ሊያስተውሉት የሚገባው ነገር ይህን ቤት ለሕዝብ መኖሪያነት የነደፈው ማንም አለመኖሩ ነው። አብዛኛው ለኪራይ ሲባል በየግቢው የተቀጣጠለ የጭቃ ክፍል ነበር። ኪራዩ ለዐሥርት ዓመታት በነበረበት ስለ ቆመ ከሚሰበሰበው ገንዘብ የቤቶቹን እድሳት መሸፈን የማይቻል ሆነ። ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ለማውጣት አልደፈረም፤ ቢደፍርም ፈቃድ ማግኘት ይቸግረው ነበር። ግድግዳው ዘመመ፤ ቆርቆሮው ዛገ፤ አንዱ መጸዳጃ ቤት ለብዙ አባወራ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቈጠራ በተደረገ ጊዜ ከአዲስ አበባ ቤቶች ከዐሥሩ ስምንቱ ያህል ግድግዳቸው የእንጨትና የጭቃ ነበር።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ የቀበሌ ቤት በሌላ በኩል ለነዋሪው የሚሰጠው ጥቅም ነበረ። ከገበያና ከሥራ ቦታ ቅርብ ነበር። ኪራዩ ለድኃ የሚከፈል ነበር። ከምድር ጋር የተያያዘ ስለሆነ አሮጊቷ ያለ ረዳት ትወጣበታለች፤ በሩ በቀጥታ ወደ ደጅ ስለሚከፈት ጠላ ሻጯ፣ ቆሎ ቆይዋ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ጫማ ሰፊው ቤታቸውን መሥሪያ ቤታቸው አድርገው ይኖሩበታል። ዕድሩ፣ ዕቁቡና ማኅበሩ የቆመው በዚሁ ጉርብትና ላይ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው አባባል በእነዚህ መንደሮች የዕለት ኑሮ መመሪያ ነበር፤ ለታመመ የሚደርስ፣ ሕፃን የሚጠብቅ፣ ቡናና በርበሬ የሚያበድር ጎረቤት ነበርና። የቤቱ ጉድለት በመለኪያ ይታያል፤ ይህኛው ጥቅም ግን በማንኛውም የቤት ቈጠራ ቅጽ ላይ ዐምድ አልነበረውም። ቤቱ ሊፈርስ በተወሰነ ጊዜም የተገመተው ግድግዳውና ጣሪያው ብቻ ነበር።

በዚያው ዘመን አዲስ ቤት ለመሥራት የተከፈተው ዋናው መንገድ የመኖሪያ ቤት ሠሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ እንዲሰጥ ይፈቅድ ነበር፤ የቤትና ቍጠባ ባንክም ያበድር ነበር። በዚህ መንገድ በርካታ ደኅና ቤቶች ተሠርተዋል። ዕድሉ ይበልጥ የደረሰው ግን ብድሩን በየወሩ ለመክፈል የሚያስችል ቋሚ ደመወዝ ላለው ሰው ነበር። ሀንጋሪያዊው ካሮይ ፖሎኒ በ1968 ዓ.ም. አካባቢ ያዘጋጀው ፕላንም ሆነ በ1978 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኢጣሊያ ባለሙያዎች ትብብር የተጠናቀቀው ማስተር ፕላን የከተማዋን መስፋፋት መልክ ለማስያዝ ረድተዋል፤ የቀን ሠራተኛውና የጉልት ነጋዴዋ ግን በቀበሌ ቤት ቀሩ።

ከገርጂ ወደ ሌሎች ሥፍራዎች

ሁለተኛው ትልቅ ሙከራ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ፣ በሕዝቡ አጠራር ኮንዶሚኒየም፣ ነው። ለዚህ ሕጋዊ መሠረት የሆነው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሲሆን በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚገኝ አንድን ቤት በግል፣ ደረጃውን፣ ጣሪያውንና ግቢውን ደግሞ በጋራ ለመያዝ አስቻለ። የቴክኒኩ መሠረት የተጣለው የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት፣ በዚያን ጊዜ ስሙ ጂ ቲ ዜድ፣ ከኤም ኤች ኢንጂነሪንግ ጋር ባዳበረው የአነስተኛ ዋጋ ቤት አሠራር ነው። በፋብሪካ የሚዘጋጅ ቀጭን ቢምና በመካከሉ የሚደረደር ክፍት ብሎኬት ብዙ የጣውላ ሥራ ሳያስፈልግ ወለሉን ለመሸከም አስቻለ፤ ሲሚንቶና ብረትም ቈጠበ። ይህ አሠራር በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በተጀመሩ 700 በሚሆኑ ቤቶች ከተሞከረ በኋላ ለመላ ከተማው፣ ቀጥሎም ለክልል ከተሞች፣ ተዛመተ።

በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ምዝገባ ሲከፈት የተመዘገበው ሰው ብዛት ወደ 450 ሺህ ደረሰ። ይህ ቁጥር የችግሩን ስፋት ከማንኛውም ጥናት በላይ የገለጸ ነበር። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የተያዘው አገር አቀፍ ዕቅድ በአምስት ዓመት 400 ሺህ ቤቶችን ለመሥራትና ለ200 ሺህ ሰዎች ሥራ ለመፍጠር ነበር። እስከ 2002 ዓ.ም. ከ170 ሺህ በላይ ቤቶች ተሠርተዋል። ዕቅዱ በሙሉ ባይሳካም ለአገሪቱ እንዲህ ያለ መጠን ከዚያ በፊት ያልታየ ነበር፤ በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የተደራጁ ብዙ ወጣቶችም ብሎኬት ማምረት፣ ብረት መቍረጥና የቧንቧ ሥራ ተምረውበታል። በ2005 ዓ.ም. እንደ ገቢው ደረጃ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉት መርሐ ግብሮች ተለይተው ዐዲስ ምዝገባ ሲደረግ ፈላጊው ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ።

መርሐ ግብሩ የነዋሪውን ልዩነት ጨርሶ አልዘነጋም። ቤቶቹ ከስቱዲዮ እስከ ባለ ሦስት መኝታ በአራት ዐይነት ተነደፉ፤ በመጀመሪያው መመዘኛ ስቱዲዮው እስከ 20፣ ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለቱ ከ30 እስከ 45፣ ባለ ሦስቱ ከ45 ካሬ ሜትር በላይ ነበር። ከቤቶቹ 30 በመቶው ለሴቶች እንዲሆን ተወሰነ፤ ይህም ብዙ እናቶችን በስማቸው የቤት ባለቤት አድርጓል። በየብሎኩ አጠገብ ለእንጀራ ጋገራ፣ ለእርድና ለልብስ አጠባ የሚያገለግል የጋራ ቤት እንዲሠራ ታቀደ። ስለዚህ ነዳፊዎቹ የአገሩን ኑሮ አላወቁም ማለት አይቻልም። ችግሩ የመጣው የታሰበው ነገር በብዛትና በፍጥነት ሲሠራ የሆነውን ከመከታተል ጉድለት ነው። ምድርና አራት ፎቅ ያለው ሕንፃ ቦታው ተዳፋትም ይሁን ሜዳ፣ መሐል ከተማም ይሁን ዳር፣ በተመሳሳይ መልክ ተደጋገመ።

ምጣድ፣ ድንኳን፣ ደረጃ

ፕላኑና ኑሮው ከተጋጩባቸው ነጥቦች የመጀመሪያው ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ተኩል እስከ አራት ኪሎ ዋት ኃይል ይወስዳል፤ ይህም በቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ የሚበልጥ ነው። በአንድ ሕንፃ ያሉ ቤቶች በበዓል ዋዜማ በአንድ ጊዜ ሲጋግሩ ሽቦው፣ ቈጣሪውና ትራንስፎርመሩ የሚሸከሙት ጭነት አስቀድሞ ካልተሰላ መብራቱ ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ወይም ምጣድ መግዛት ሲያቅት ነዋሪው ወደ እንጨትና ከሰል ይመለሳል፤ ማድ ቤቱም ጢስ ማውጫ ስለሌለው ጋገራው ወደ በረንዳ ወይም ወደ ደረጃ ይወጣል። የጋራ ማድ ቤቱ ይህን እንዲያቃልል የታሰበ ነበር። ነገር ግን ቍልፉን ማን ይይዛል፣ የመብራቱን ሒሳብ ማን ይከፍላል፣ ሊጡን ከአራተኛ ፎቅ ማን ያወርዳል የሚለው ባለመወሰኑ በብዙ ሥፍራ የጋራው ቤት ለጽሕፈት ቤት፣ ለኪራይ ወይም ለሌላ አገልግሎት ውሏል። ለኑሮ ታስቦ የተሠራ ክፍል አስተዳደሩ አብሮ ካልተነደፈ ባዶ ግድግዳ ሆኖ እንደሚቀር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው ድንኳን ነው። ሰው ሲሞት ዕድርተኛው ለቀናት የሚቀመጥበት ድንኳን፣ ወንበርና የምግብ ማብሰያ ሥፍራ ያስፈልጋል። በሕንፃዎቹ መካከል የተተወው ባዶ ሥፍራ ለመኪና ማቆሚያ ሲሰመር ድንኳኑ ከመኪናው ጋር ይጋፋል። ነዋሪዎች ዐዳዲስ ዕድሮች አቋቁመው፣ የመኪና ማቆሚያውን እየዘጉ ለቅሷቸውን ተቀምጠዋል፤ ከመሐል ከተማ ተነሥተው ዳር የሰፈሩት ደግሞ በቀድሞው ሰፈራቸው ዕድር ለመቀጠል ረጅም መንገድ የሚመላለሱበት ጊዜ ነበር።

ሦስተኛው ደረጃ ነው። ምድርና አራት ፎቅ ያለው ሕንፃ አሳንሰር የለውም። ዕጣ ደግሞ የሰውን ዕድሜና ጤና አያይም። ለአካል ጉዳተኞች የምድር ቤት እንዲሰጥ ቅድሚያ ቢያዝም የምድሩ ወለል በብዙ ሕንፃዎች ለንግድ ቤት ተመድቦ በጨረታ ይሸጥ ነበር፤ ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ የሌሎቹን ቤቶች ዋጋ ለመደጐም ይውል ነበርና። ስለዚህ ለመንቀሳቀስ ለሚቸገር ሰው ከሁሉ የሚመቸው ወለል በገንዘብም ከሁሉ የሚወደደው ሆነ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ በጀሪካን ውኃ ይሸከማል፤ በርሜልም ያጠራቅማል። 200 ሊትር የሚይዝ አንድ በርሜል ሲሞላ ሁለት ኵንታል እንደሚመዝንና ሥፍራው አብዛኛውን ጊዜ በረንዳው እንደሆነ የስትራክቸር ባለሙያ ሊያስብበት ይገባል። አልጋና ቁም ሣጥን፣ በመጨረሻም የአስከሬን ሣጥን፣ የሚወርዱት በዚሁ ደረጃ ነው፤ የመዞሪያው ስፋት ሲወሰን በቃሬዛ የሚወርደው ሰው መታሰብ አለበት።

አራተኛው መተዳደሪያ ነው። በመሐል ከተማ የመልሶ ማልማት ሥራ ከ2001 ዓ.ም. በኋላ በልደታና በሌሎች ሰፈሮች ሲካሄድ የቀበሌ ቤት ተከራዮች የኮንዶሚኒየም ቤት ከመግዛትና ሌላ የቀበሌ ቤት ከመከራየት እንዲመርጡ ይደረግ ነበር። ቅድሚያ ክፍያውን ለመክፈል የቻለው ገዛ። ነገር ግን በጀሞ፣ በየካ አባዶ ወይም በቱሉ ዲምቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጠላ አይሸጥም፤ ቆሎም አይቆላም፤ የቀድሞው ደንበኛም በዚያ አያልፍም። ገቢዋ የቀነሰባት እናት የባንኩን ዕዳ ለመክፈል ቤቱን ለሌላ አከራይታ እርሷ ርካሽ ክፍል ትከራያለች። በዚህ ምክንያት ብዙ ቤቶች ባለዕጣው የማይኖርባቸው ሆኑ፤ የሕንፃው ማኅበር አባል መሆን የሚችለው ግን በአዋጁ መሠረት የቤቱ ባለቤት ነው። በሕንፃው የሚኖረው ተከራይ ስለ ውኃው፣ ስለ ቆሻሻውና ስለ ጥበቃው ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ያለው ባለቤት ደግሞ በዚያ አይኖርም። አከራይና ተከራይ የሚባለው ልዩነት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ከተነሣ በኋላ በዚህ መልክ ተመልሶ መጣ።

ከዚህ ጋር ሊረሳ የማይገባው ከነዋሪዎቹ በፊት በቦታው የነበሩት ሰዎች ጉዳይ ነው። በከተማዋ ዳር የተሠሩት ሰፋፊ መንደሮች ያረፉት በእርሻ መሬት ላይ ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ኮዬ ፈጬን ጨምሮ በተለያዩ ሥፍራዎች ለተሠሩ ቤቶች ዕጣ ከወጣ በኋላ በኦሮሚያ ከተሞች የተነሣው ተቃውሞ የአስተዳደር ወሰንና የተነሺ ገበሬዎች ካሣ ጥያቄ ሳይፈታ ቤት መሥራት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ አሳይቷል። በዚህም መካከል ዓመታት ቈጥቦ ዕጣው የደረሰው ቤት ፈላጊና መሬቱን የለቀቀው ገበሬ፣ ሁለቱም የሚጠይቁት ነገር እያላቸው፣ ፊት ለፊት ተፋጠዋል።

ከውጭ አገር ሁለት ምሳሌዎች

እንዲህ ያለው ፈተና በአዲስ አበባ ብቻ የደረሰ አይደለም። በሰሜን እንግሊዝ በኒውካስል ከተማ ባይከር የሚባል የወዝ አደሮች ሰፈር በአርጅና ምክንያት እንዲፈርስ በተወሰነ ጊዜ ሥራው ለአርክቴክት ራልፍ ኧርስኪን ተሰጠ። ኧርስኪንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የሠሩት በሰፈሩ ውስጥ፣ ቀድሞ የቀብር አገልግሎት መስጫ በነበረ ሱቅ ጽሕፈት ቤት ከፍተው ነው። ነዋሪው ገብቶ ይጠይቃል፤ ሐሳቡን ይሰጣል። በመጀመሪያም 46 ቤቶች ብቻ ለሙከራ ተሠርተው ከሚገቡባቸው ቤተሰቦች ጋር ምክክር ተደረገ። በሰሜን በኩል ነፋስንና ጩኸትን የሚከላከል ረጅም ሕንፃ፣ በስተ ደቡቡ ደግሞ ዝቅ ያሉ ባለ ግቢ ቤቶች ተሠሩ። ሥራው በዓለም ተመሰገነ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በቅርስነት ተመዘገበ። ነገር ግን ማፍረሱ ከመሥራቱ ስለ ቀደመና ዓመታት ስለ ወሰደ ከነባሩ ሕዝብ በዐዲሱ ሰፈር የቀረው ከአምስት አንድ እጅ አይሞላም ተብሎ ይነገራል። ንድፉ ስለ ነዋሪው የቱንም ያህል ቢጨነቅ የሥራው ቅደም ተከተል ነዋሪውን ሊበትን ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ሲንጋፖር ናት። የቤቶችና የልማት ቦርዷ እ.ኤ.አ. በ1960 ተቋቁሞ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ከ50 ሺህ በላይ ቤቶችን ሠራ፤ ዛሬም ከሕዝቡ አራት አምስተኛው ገደማ የሚኖረው በዚህ ቦርድ ቤቶች ነው። ቻይናዊው፣ ማላዩና ሕንዱ በአንድ ሕንፃ ስለሚኖሩ የሠርጉና የለቅሶው ሥርዐት ልዩ ልዩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው መፍትሔ የሕንፃውን ምድር ወለል በዐምዶች ላይ ክፍት አድርጎ መተው ነው። በዚያ ቅዳሜ የማላዮች ሠርግ፣ በሌላ ቀን የቻይኖች ለቅሶ ይደረጋል፤ ሌላ ጊዜ ሽማግሌዎች ይጫወቱበታል። ነዳፊዎቹ የእያንዳንዱን ሕዝብ ሥርዐት በግድግዳ ለመከፋፈል አልሞከሩም፤ ለሁሉም የሚሆን ጥላ ያለው ባዶ ሥፍራ ተዉ፤ አጠቃቀሙንም በፈቃድ የሚያስተዳድር አካል አቆሙ። በዚህ ዐይን ሲታይ የአዲስ አበባ ዕድርተኛ የመኪና ማቆሚያ ዘግቶ የሚጥለው ድንኳን የሕንፃው ፕላን ሳይሰጠው የቀረ ክፍል ነው። እርግጥ ሲንጋፖር ከገቢዋና ከአስተዳደሯ ጋር ስትታይ ሌላ አገር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1989 በየሕንፃው የየብሔረሰቡን ድርሻ የወሰነችበት ሥርዐትም ለሌላው አገር በቀጥታ የሚቀዳ አይደለም። የምድሩ ወለል አሳብ ግን ሊጠና ይገባዋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ወጪ ለሚፈራ አስተዳደርም የሚያስደነግጥ አይደለም። ለምጣድ ራሱን የቻለ የኤሌክትሪክ መስመር በንድፍ ጊዜ መጨመር ግድግዳ ሰርስሮ በኋላ ከማስገባት ይረክሳል። የደረጃን መዞሪያ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ማስፋት፣ ለውኃ በርሜል ሥፍራና ጭነት ማስላት፣ ከሕንፃዎቹ መካከል አንዱን ባዶ ሥፍራ ለድንኳን ብሎ በፕላኑ ላይ መጻፍ ከአጠቃላይ ወጪው ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው። ከምድሩ ወለል ከፊሉን ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና በቤታቸው ሠርተው ለሚያድሩ ሰዎች ማስቀረት ግን የገንዘብ ጥያቄ ያስከትላል፤ በጨረታ የሚገኘው ገቢ ይቀንሳልና። ይህን ልዩነት ማን እንደሚሸፍነው በግልጽ መወሰን የአስተዳደሩ ፈንታ ነው። ባለሙያው ደግሞ ካልተወሰነ የሚከተለውን ነገር፣ ይኸውም ቤቷን ጥላ የምትሄደውን እናት፣ ከአራተኛ ፎቅ የማይወርደውን ሽማግሌ፣ በቁጥር አስደግፎ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

ከሁሉ በላይ የጐደለው ሕንፃው ከተረከበ በኋላ ተመልሶ የማየት ልማድ ነው። በገርጂ የተሞከረው ለሌሎች ሥፍራዎች ሲገለበጥ በመጀመሪያዎቹ ቤቶች የገቡት ሰዎች እንዴት እንደ ኖሩባቸው፣ ምን እንዳፈረሱ፣ ምን እንደ ጨመሩ በሥርዐት ተመዝግቦ ወደ ቀጣዩ ፕላን ቢገባ ኖሮ ከዚህ በላይ ከተዘረዘሩት ብዙዎቹ በሁለተኛው ዙር በታረሙ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከሌሎች ነባር ሰፈሮች የተነሡ ነዋሪዎች ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ገብተዋል። ከእነርሱም መካከል ዕድሜያቸውን በቀበሌ ቤት ደጅ ላይ ያሳለፉ፣ ደረጃ መውጣት የሚከብዳቸው፣ ምጣዳቸውን ተሸክመው የመጡ አሉ። ቀጣዩ የቤት ፕላን ከመነደፉ በፊት አንድ ባለሙያ ማስታወሻና ሜትር ይዞ በእነዚህ ሰዎች በር ቢያንኳኳ፣ ቡናቸውን እየጠጣ ቤቱን በምን እንደለወጡት ቢመዘግብ፣ ከሰባ ሺህ የቤት ቈጠራ ቅጾች የማይገኘውን እውቀት ይዞ ይመለሳል።